ዕረፍትም ዕቅድ ይሻል

ሥራ ክቡር መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ በቤትም በትምህርት ቤትም ስንማር አድገናል። ይህ እውነት ስለ ሆነ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ሥራን ይህን ያህል ስናመሰግን፣ የሥራ ወንድም የሆነውን ዕረፍትን እንደ እንጀራ ልጅ ቆጥረን ከደጅ ያቆምነው ይመስለኛል። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክርብናል። የሚረብሽ ልጅ ሲገኝ «ዐርፈህ ተቀመጥ!» ተብሎ ይገሠጻል። አንድ የተከበሩ ሰው ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ ደግሞ «ዐረፉ» ይባላል። እንግዲህ ዕረፍት ለሕፃን ተግሣጽ፣ ለሽማግሌ ሞት ከሆነ፣ በመካከል ላለው ደክሞ አዳሪ ሰው የቀረለት ምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው፣ ዕረፍት ሥራ ፈትነት አለመሆኑንና እንደ ማናቸውም ቁም ነገር ታስቦበት ሊዘጋጅ የሚገባው መሆኑን ነው።

ይህን አስተያየት እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቤታችን የተነሣ ክርክር ነው። በአሜሪካን አገር በሾፌርነት የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ካጠራቀመው ገንዘብ እናታችንን በመጪው ክረምት ለጥቂት ቀናት ወደ አንድ ጸጥተኛ የባሕር ደሴት ሊወስዳት አሰበ። ለእኔም «ዕቅዱን አንቺ አውጪው፤ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታነቢያለሽ» ሲል አደራ ሰጠኝ። እናቴ ነርስ ናት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የሌሊት ተራ ስትገባና ስትወጣ ኖራለች። የዓመት ፈቃድዋን ግን አንድ ጊዜ እንኳ ለራስዋ ስታውለው አላየሁም፤ ግማሹ በለቅሶ፣ ግማሹ በሠርግና በክርስትና ያልቃል። ባለፈው ዓመት ሐኪም የደም ግፊትዋን ለክቶ እንድታርፍ ቢነግራትም፣ በማግስቱ ተነሥታ ወደ ሥራዋ ሄደች። የወንድሜንም አሳብ በሰማች ጊዜ «እኔን ልጆቼ! እኔ ባሕር አይቼ ምን ልሠራ ነው? ይልቅ የቤቱ ጣሪያ ይታደስበት» አለች። አክስቴ በበኩልዋ፣ መሄዱ ካልቀረ በስምንት ቀን አምስት ደሴት መታየት አለበት ትላለች። ከክፍል ጓደኞቼ ደግሞ «ዕረፍት ዕቅድ ከገባበት ምኑን ዕረፍት ሆነ?» የሚሉኝ አሉ።

መልሴን የምጀምረው ከጓደኞቼ ጥያቄ ነው። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ዕቅድ የሌለው ዕረፍት ከታሰበበት ሥራ ይልቅ ያደክማል፤ ምክንያቱም የት እንደሚታደር፣ ምን እንደሚበላ፣ ጀልባው በስንት ሰዓት እንደሚነሣ በየቀኑ መጨነቅ ራሱ ሌላ ሥራ ነው። ጭንቀቱን ሁሉ አስቀድሞ በቤት የጨረሰ ሰው ግን በዕረፍቱ ቦታ ባዶ እጁን፣ ባዶ ልቡን ይቀመጣል። ስለዚህ ዕቅድ የዕረፍት ጠላት ሳይሆን በር ጠባቂው ነው ለማለት እደፍራለሁ።

በዕቅድ መጀመሪያ የሚመጣው የቦታው ምርጫ ነው። እኔ የመረጥሁት በሕንድ ውቅያኖስ ከሚገኙት የሲሼልስ ደሴቶች አንዲቱን፣ ላ ዲግ የምትባለውን ነው። ሲሼልስ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ የሚገኙ ከመቶ በላይ ደሴቶች ያሉዋት አገር ናት። የሕዝቧ ቍጥር ከመቶ ሺህ ጥቂት ቢበልጥ ነው። እስከ 18ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ድረስ ቋሚ ነዋሪ አልነበራትም፤ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1770 ፈረንሳዮች ሰፈሩባት፤ በኋላም በእንግሊዝ እጅ ሆና ቆይታ በሰኔ 1976 ነጻነቷን አገኘች። የዛሬው ሕዝቧ ከአፍሪካ በባርነት ከተወሰዱት፣ ከአውሮጳውያንና ከእስያውያን የተወለደ ሲሆን፣ ክሪዮል የሚባለውን የራሱን ቋንቋ ከእንግሊዝኛና ከፈረንሳይኛ ጋር ይናገራል። ከአዲስ አበባም በራሳችን አየር መንገድ ተሳፍሮ ዋናዋ ደሴት ማሄ መድረስ ስለሚቻል ለእናቴ ጕዞው ከባድ አይሆንባትም።

ላ ዲግ ስሟን ያገኘችው በ1768 በዚያ ካለፉት የፈረንሳይ መርከቦች ከአንዲቱ ነው። ስፋቷ ዐሥር ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ነዋሪዋም ሦስት ሺህ ገደማ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ ስለሌላት ከማሄ ወደ ፕራሊን ደሴት በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል፣ ከፕራሊን ወደ እርስዋ ደግሞ ሩብ ሰዓት ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጕድለት ይቈጥረዋል፤ እኔ ግን የጸጥታዋ ምስጢር ይኸው ነው እላለሁ። በቀላሉ የሚደረስበት ቦታ ሁሉ ቶሎ ይጨናነቃልና። በደሴቲቱ ላይ መኪና ጥቂት ነው፤ ሰዉ የሚመላለሰው በእግሩና በብስክሌት ሲሆን፣ ቀድሞ እንግዳውንም ሻንጣውንም የሚያጓጕዘው በበሬ የሚጎተት ጋሪ ነበር። የመኪና ጡሩምባ፣ የማይክሮፎን ጩኸትና የወፍጮ ድምፅ በአንድነት ሲያነቃት ለኖረች የከተማ ሴት፣ ከዚህ የበለጠ መድኃኒት አላውቅም።

ሁለተኛው ጕዳይ ጊዜውን መምረጥ ነው። በዚያ አካባቢ ነፋስ ዓመቱን ለሁለት ይከፍለዋል። ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ አየር ያመጣል፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ግን ሙቀትና ዝናብ ያበዛል። ባሕሩ እንደ ብርጭቆ የሚረጋው በሁለቱ መካከል፣ በሚያዝያና በጥቅምት ነው። ጥቅምት ለእኛ የትምህርት ጊዜ ነው። ሚያዝያ የፋሲካ ወር እየሆነ ስለሚመጣ፣ እናቴ ፋሲካን ከቤትዋና ከጎረቤቶችዋ ተለይታ በሰው አገር ልታከብር እንደማትችል የታወቀ ነው። በየካቲት አጋማሽ ዕረፍት እንዳንሄድ ዝናቡ አለ። የቀረን ሐምሌ ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ቀን ይፈታል፤ የፍልሰታ ጾም ደግሞ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል። እንግዲህ ከሐምሌ 8 ቀን ጀምሮ ስምንት ሌሊት ብናድር፣ አየሩ ደረቅ፣ ጾሙ የተፈታ፣ ትምህርት ቤቱም የተዘጋ ይሆናል። ነፋሱ ባሕሩን ስለሚያናውጠው የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከሐኪም ጠይቆ መያዝ ብቻ ያሻል።

ሦስተኛው ወረቀትና ገንዘብ ነው። ሲሼልስ ከአገራችን ሰው ቪዛ አትጠይቅም፤ ነገር ግን ከመነሣት በፊት የመግቢያ ፈቃድ በኢንተርኔት መጠየቅ፣ የመመለሻ ትኬትና የማደሪያ ማረጋገጫ መያዝ ግድ ነው። ከአገራችን ለሚሄድ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀትም ያስፈልጋል። የአገሩ ገንዘብ ሩፒ ይባላል፤ ብዙው ዕቃ በመርከብ ከውጭ ስለሚገባ ኑሮው ውድ ነው። ስለዚህ ከትልቅ ሆቴል ይልቅ በቤተ ሰብ የሚተዳደርና ወጥ ቤት ያለው አነስተኛ የእንግዳ ቤት መከራየትን መርጫለሁ። ይህ ገንዘብ ከመቈጠቡም ሌላ፣ እናቴ የለመደችውን ቡና በራስዋ ጀበና እንድታፈላ ያስችላታል። በርበሬና ሽሮ ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደ ሆነ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል፤ ደሴቶች ከውጭ በሚገባ ዘርና ተባይ በቀላሉ ስለሚጎዱ በዚህ ረገድ ጥብቅ ናቸው።

አሁን ወደ አክስቴ ክርክር ልመለስ። በስምንት ቀን አምስት ደሴት ማየት ይቻላል፤ ነገር ግን ያ ጕብኝት እንጂ ዕረፍት አይደለም። በየማለዳው ሻንጣ የሚያስር ሰው ከሌሊት ተራ የሚለየው በምንድን ነው? በእኔ ዕቅድ በአንድ ቀን ከአንድ ነገር በላይ አይሠራም፤ እርሱም ከምሳ በፊት ያልቃል። በአንደኛው ቀን ዩኒየን የሚባለውን የቀድሞ የኮኮነትና የቫኒላ እርሻ አቋርጠን ወደ ሱርስ ዳርዣን የባሕር ዳርቻ እንሄዳለን። በዚያ ያሉት ታላላቅ የግራናይት ድንጋዮች ዕድሜያቸው ሰባት መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው ይባላል፤ ከነርሱ ሥር ጥላ ይዞ መቀመጥ ለማንም አይከብድም። ባሕሩም በኮራል አጥር ስለተከለለና ጥልቀት ስለሌለው፣ ዋና ለማናውቅ ለእኔና ለእናቴ እግር ማጥለቅ አያስፈራንም።

በሌላ ቀን ጠዋት ቬቭ የምትባለውን ወፍ ወደ ተጠበቀላት ጫካ ሄደን እናያለን። ቬቭ በፈረንሳይኛ ባልዋ የሞተባት ሴት ማለት ነው፤ ወንዱ ወፍ ከራሱ እስከ ረጅም ጅራቱ ጥቁር ስለ ሆነ፣ ሐዘንተኛ አስመስለውት ይህን ስም አውጥተውለታል። በዓለም ላይ የዚህች ወፍ ዋና መኖሪያ ላ ዲግ ናት። በአንድ ቀን ደግሞ ወደ ፕራሊን ተሻግረን ቫሌ ደ ሜ የሚባለውን፣ በ1983 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የዘንባባ ደን እንጐበኛለን። በዓለም ላይ ካለው ዘር ሁሉ ትልቁን ፍሬ የሚሰጠው ኮኮ ደ ሜር የሚባለው ዛፍ በተፈጥሮ የሚበቅለው በፕራሊንና በአጠገብዋ ባለችው በኩሪየዝ ብቻ ነው። ከስምንቱ ቀን ሁለቱ ግን ፈጽሞ ባዶ ናቸው። በዕቅዱ ወረቀት ላይ በነዚህ ቀናት አንጻር የጻፍሁት «ምንም» የሚል ቃል ነው። አክስቴ ይህን አይታ ሳቀች፤ እኔ ግን ከጻፍሁት ሁሉ በጣም ያሰብሁበት ይህን ቃል ነው።

ዕቅድ የሚከለክለውንም መናገር አለበት። በደሴቲቱ ደቡብ ምሥራቅ ያለው ግራንድ አንስ የተባለው ዳርቻ ለዓይን እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በሐምሌ ነፋስ ማዕበሉና ወደ ውስጥ የሚስበው ኃይለኛ ወራጅ ዋና የሚያውቀውን እንኳ ይወስደዋል። እርሱን ከሩቅ ማየት ይበቃናል። ፀሐዩ ከአናት ላይ ስለ ሆነ ከቀትር በፊት ወደ ቤት መመለስ ሌላው ደንብ ነው። ሦስተኛው ክልከላ በእኛ በወጣቶች ላይ ይከብዳል፤ ስልካችን በቤት ይቀመጣል፤ ማታ ማታ ለወንድማችን ልጆች ሰላምታ ለማቅረብ ብቻ ይከፈታል። ፎቶግራፍ ማንሣትን አልጠላም። ሆኖም ዕረፍቱን ለሌሎች ለማሳየት የሚሄድ ሰው፣ ሌሎችን ሁሉ በጀርባው አዝሎ እንደሚሄድ ይሰማኛል።

እዚህ ላይ ስለ እንግድነት ጥቂት መናገር ይገባኛል። ጸጥተኛ ደሴት ጸጥተኛ የሆነችው ለእኛ ተብሎ አይደለም፤ የሚኖሩባት ሰዎች ቤታቸው ስለ ሆነች ነው። «እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» የሚለው የአባቶቻችን ምክር ለዚህ በደንብ ይስማማል። በመንገድ ላይ ያገኙትን ሰው «ቦንዙር» ብሎ ሰላም ማለት፣ በብስክሌት ሲሄዱ ለሽማግሌ ማሳለፍ፣ በሌሊት አለመጮህ ምንም ገንዘብ አያስወጣም። ባሕሩም ቢሆን የደከመ ባሕር ነው። በ1998 የውቅያኖሱ ሙቀት በጨመረ ጊዜ በዋናዎቹ ደሴቶች ዙሪያ ከነበረው ሕያው ኮራል ከመቶው ዘጠና የሚሆነው ጠፍቶአል፤ በ2016ም ሙቀቱ እንደ ገና ጐድቶታል። ነዋሪዎቹ በ2017 የፕላስቲክ ከረጢትን ከልክለዋል። እነርሱ ይህን ያህል ሲጠነቀቁ፣ እኛ ለስምንት ቀን ሄደን በኮራል ላይ ብንቆም፣ ዛጎል ለቅመን ብንመጣ ወይም ያለ ፈቃድ የኮኮ ደ ሜር ፍሬ ይዘን ብንወጣ፣ የተቀበለንን ቤት ማዋረድ ይሆንብናል።

ስለነዚህ ደሴቶች ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የሚያርፍባት ሲሼልስ፣ ትናንት የግዞት ቦታ ነበረች። የአሻንቲው ንጉሥ ፕሬምፔ ከ1900 እስከ 1924 በዚያ ታስረው ኖረዋል። ለአገርዋ ነጻነት የተዋጋችው ያ አሳንቴዋ በ1921 በዚያው ሞተች። የቡጋንዳው ሙዋንጋና የቡኞሮው ካባሌጋ በ1899 ወደዚያ ተወስደዋል። የቆጵሮሱ ሊቀ ጳጳስ ማካሪዮስም በ1956 ተግዘውባት እስከ ተከታዩ ዓመት ቆይተዋል። ያው ባሕር፣ ያው አሸዋ፣ ያው ነፋስ ለነርሱ ወህኒ ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ ዕረፍትን ዕረፍት የሚያደርገው የቦታው ውበት ሳይሆን በፈቃድ መሄድና ወደ ወገን መመለስ መሆኑን ነው። ስለዚህ እናቴን በግድ እንውሰዳት የሚል አሳብ በእኔ ዘንድ የለም። ወድዳ ካልሄደች ደሴቲቱ ለእርስዋም ግዞት ትሆንባታለች። መጀመሪያ ልብዋ ሊፈቅድ ይገባል።

«የድሃ አገር ልጅ ስለ ባሕር ዳርቻ ዕረፍት መጻፍ አይገባትም» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር ዐውቃለሁ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ያ ገንዘብ ጣሪያ ያድሳል፣ የአንድ ተማሪ የዓመት ወጪም ይሸፍናል። ሆኖም ጣሪያው በሚቀጥለው ዓመት ሊታደስ ይችላል፤ የእናት ልብና የደም ሥር ግን ከተጎዳ በኋላ በቆርቆሮና በሚስማር አይጠገንም። ወንድሜ ገንዘቡን ያገኘው በላቡ ነው፤ ለማንም ዕዳ የለበትም። ደግሞም ይህን የምለው ሁሉም ሰው ወደ ሲሼልስ ይሂድ በማለት አይደለም። አገራችን ራስዋ የጣናና የዝዋይ ደሴቶች አሉዋት። ወደዚያም ለመሄድ የማይችል ሰው ከከተማ ወጣ ባለ የዘመድ ቤት ሦስት ቀን ቢቀመጥ፣ ቀኑን አስቀድሞ ከወሰነ፣ ሥራውን ለሌላ አደራ ከሰጠና በወረቀቱ ላይ «ምንም» የሚል ቀን ከጨመረ፣ የጻፍሁት ሁሉ ለእርሱም ይሠራል።

ለክፍል ጓደኞቼ አንድ ቃል አለኝ። በሚቀጥለው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ስለሚጠብቀን በክረምቱ አንድ ቀን እንኳ ማረፍ የለብንም የምትሉ አላችሁ። የሚታረስ መሬት እንኳ ጦም እንዲያድር የሚተውበት ዓመት እንዳለው ገበሬ አባቶቻችን ያውቃሉ። ስምንት ቀን ዐርፎ ሰባት ሳምንት ያጠና ተማሪ፣ ስምንቱንም ሳምንት እያንቀላፋ ከመጽሐፍ ጋር ከተጋደለው የተሻለ ያስታውሳል ብዬ አምናለሁ።

ክቡራን ወላጆች፣ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። እኛ ልጆቻችሁ የምትሰጡንን ሁሉ እናያለን፤ ትምህርት ቤት የምትከፍሉልንን፣ የምታበሉንን፣ የምታለብሱንን። ነገር ግን ደክማችሁ ስትገቡ ፊታችሁንም እናያለን። አንዳንድ ጊዜ ዐርፋችሁ ብናያችሁ፣ ከምትገዙልን ጫማ የበለጠ ደስታ ይሰጠናል። ዐርፎ የማያውቅ ወላጅ፣ ልጁም ሲያድግ እንዳያርፍ ያስተምረዋል።

ይህ መጽሔት በየቤቱ እንደሚነበብ፣ በእኛም ቤት ከራት በኋላ እናቴ መነጽርዋን አድርጋ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እንደምታነበው ዐውቃለሁ። የዓመት ፈቃድ መጠየቂያው እስከ ግንቦት መጨረሻ መግባት አለበት። ዕቅዱ ተጽፎ በመሳቢያው ውስጥ ተቀምጦአል፤ የቀረው የእርስዋ ፊርማ ብቻ ነው።